ዘሩ የማን፣ ዕውቀቱስ የማን?

አንድ ድርጅት አዲስ ነገር የሚፈጥረው በሩን ዘግቶ ነው ወይስ ከፍቶ? ዛሬ ስለ ኩባንያዎች የሚጽፉ ሊቃውንት «ክፍት ፈጠራ» የሚሉት ነገር አለ። ዕውቀት ሁሉ በአንድ ግቢ አይገኝምና ከደንበኛህም፣ ከጎረቤትህም ተማር ነው ነገሩ። ምክሩ መልካም ነው። ግን አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ከሰው የተማረ ድርጅት ለአስተማሪው ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄውን ወደ ጤፍ እናምጣው። የመርጡለ ማርያምን ገበያ የሚውል ሁሉ እንደሚያውቀው ነጭ ጤፍ ከቀዩ ይልቅ ዋጋ ያወጣል። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ምርጥ ዘሮች አንዱ፣ ማኛ፣ ነጭ ነው፤ ምርቱ ግን አነስተኛ። ሌላው፣ ዱከም፣ ምርቱ ጥሩ ሆኖ ንጣቱ ገበያ ላይ አያኮራም። ስለዚህ ገበሬው እንደታሰበው አልተቀበለውም። እዚህ ላይ «ገበሬው ኋላ ቀር ነው» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ይቻል ነበር፤ እንዲህ የሚል ቢሮ እኮ ሞልቷል። ተመራማሪዎቹ ግን እምቢታውን እንደ ትምህርት ቆጠሩት። ሁለቱን አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2006 «ቁንጮ»ን አወጡ፤ ምርትም ንጣትም ያለው ዘር። የጤፍ አበባ ደቃቅ ናት፤ የምትከፈተውም በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ታውቆ ማዳቀል የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው።

ታዲያ ቁንጮን የፈጠረው ማን ነው? ተመራማሪው ብቻ እንዳንል፣ ማኛም ዱከምም የተመረጡት ከገበሬው ነባር ጤፍ ነው። ገበሬው ብቻ እንዳንል፣ ያለ ምርምሩ ሁለቱ ባልተገናኙ ነበር። ዋናው ነገር ከገበሬው የወጣው ተሻሽሎ ወደ ገበሬው መመለሱ ነው።

ሌላም በር ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ጥቅሙን ለመካፈል ተዋውላ የጤፍ ዘር ለአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ፈቀደች። ኩባንያው ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት በአውሮፓ ፓተንት አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት «አዲስ ፈጠራ የለበትም» ብሎ የኔዘርላንዱን ፓተንት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ፍርዱ ትክክል ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት ፓተንት ይሽራል እንጂ የቀረውን ድርሻ ለገበሬው አያደርስም።

«እንግዲያው በራችንን እንዝጋ!» የሚል ይኖራል። ኧረ አይሆንም! የተቆለፈበት ዘር አይበቅልም፤ ዕውቀትም እንደዚያው። በር መክፈት በራሱ በጎነትም ጥፋትም አይደለም። ፍርዱ ያለው በመመለሱ ላይ ነው፤ የወሰደው ወገን ከማን እንደተማረ ይናገራል? ያገኘውንስ ይዞ ይመለሳል?

ይህ የኩባንያ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። እኛም ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ቢቸናና ሞጣ እንወርዳለን፤ ገበሬውን ከሥራው አስፈትተን መጠይቃችንን ሞልተን እንመለሳለን። ማዕረጉ የእኛ ይሆናል። ውጤቱን ይዘን ተመልሰን፣ ለነገሩን ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ የምንነግራቸው ስንቶቻችን ነን?