የብረቱ ግዙፍና በውስጡ ያለው ሰው

የአንድን ሰው ጠባይ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከሥራው ይልቅ ጨዋታውን ቢመለከት ብዙ ነገር ያገኛል። ገበጣ ሲጫወት ጠጠር የሚሰርቅ፣ ሲሸነፍ ገበጣውን የሚገለብጥ፣ ሲያሸንፍም ባልንጀራውን የሚያዋርድ ሰው በሌላው ኑሮው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄም ከጨዋታ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም፦ በኮምፒዩተር የጦርነት ጨዋታ መጫወት ሕሊናን ይጎዳልን? የሚለው ነው።

በሰፈራችን በጉለሌ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። ታላላቆቻችን ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ያሉትን ጌም ቤቶች እያዩ፣ «ልጅ መግደልን በጨዋታ ከለመደ በእውነቱም አይፈራም» ይላሉ። እኩዮቻችን ደግሞ «ሥዕል ነው፤ ማን ሞተ? ማንስ ተጎዳ?» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ወገኖች ጥቂት እውነት ይዘዋል። ሆኖም ጨዋታውን ከደጅ ሆኖ ማውገዝም ሆነ ከውስጥ ሆኖ ሳያስቡ መጫወት መልስ አይሆንም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ጥቂት ሆነን አንድ የታወቀ አሮጌ ጨዋታ እንደ ገና ከፍተን ለመመርመር ወሰንን።

የጨዋታው ስም «ሜክዋሪየር 2» ይባላል። አክቲቪዥን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ታሪኩ የተቀዳው እ.ኤ.አ. በ1984 በጠረጴዛ ላይ ጨዋታነት ከወጣው ከ«ባትልቴክ» ነው። ተጫዋቹ የሰው ቅርጽ ባለው ግዙፍ የጦር ማሽን ውስጥ ተቀምጦ ይዋጋል። እነዚህ ማሽኖች «ሜክ» ይባላሉ፤ ክብደታቸውም ከ20 እስከ 100 ቶን ይደርሳል። የሚነዳቸው ሰው የሚቀመጠው በአብዛኛው በራሳቸው ውስጥ ነው። ጨዋታው የተሠራው ለዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ስለ ሆነ ሥዕሉ ዛሬ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ሻካራ ነው፤ ተራራው ሦስት ማዕዘን፣ ሕንፃውም ሣጥን ይመስላል። ነገር ግን በአሠራሩ ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አገኘን።

አንደኛው የሙቀት ነገር ነው። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ መሣሪያ በተኮሰ ቁጥር የራሱ ማሽን ይሞቃል። ያለውን መሣሪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተኮሰ ጠላቱን ሊጥል ይችላል፤ ነገር ግን ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማሽኑ ራሱን ያጠፋና በጦር ሜዳ መካከል ደርቆ ይቆማል። ያን ጊዜ ሕፃንም ቢሆን ሊመታው ይችላል። ተጫዋቹ ከፈለገ ማሽኑ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፤ ያን ተጭኖ መተኮሱን ከቀጠለ ግን መጨረሻው በራሱ እሳት መፈንዳት ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች የሚባለው አብዝቶ የሚተኩሰው ሳይሆን መቼ መታገሥ እንዳለበት የሚያውቀው ነው።

ይህ ነገር ከቁጣ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል እንመልከት። የተቆጣ ሰው ያለውን ክፉ ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወረውር የመታው ሌላውን ብቻ ይመስለዋል። የራሱ ልብ መሞቁን የሚያውቀው ማሰብ ሲያቅተው ነው። ጓደኞቹ «ተው!» ሲሉት፣ ያ ማሽኑ ራሱን የሚያጠፋበት ማስጠንቀቂያ ነው፤ «አትያዙኝ!» ሲል ደግሞ ቁልፉን መጫኑ ነው። አባቶቻችን ይህን ያወቁት ያለ ኮምፒዩተር ነበር። ከሰፈራችን ብዙም በማይርቀው በጃንሜዳ በገና በዓል ሲጫወቱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል ነበር። በዚያ ጨዋታ ጌታና ሎሌ ዱላ ይዘው ሩሯን ያሳድዳሉ፤ ሎሌው ጌታውን ቢመታ፣ በቃልም ቢተርበው፣ ጌታው ሊቀየም አይገባውም። ጨዋታ ሙቀትን የማብረድ ትምህርት ቤት ሊሆን እንደሚችል ይህ አባባል ይመሰክራል።

ሁለተኛው ነገር የኀይል መጠን ነው። በታሪኩ ውስጥ ጎሣዎች አሉ፤ ተጫዋቹ የተኩላ ጎሣ ወይም የጄድ ጭልፊት ጎሣ ተዋጊ ይሆናል። በእነዚህ ጎሣዎች ሥርዓት አንድ አዛዥ ከመዋጋቱ በፊት ምን ያህል ጦር ይዞ እንደሚገባ ይናገራል፤ በአነስተኛ ኀይል አሸንፋለሁ የሚለውም ውጊያውን የመምራት ክብር ያገኛል። ሁለት ተዋጊዎች ሲገጥሙም ሦስተኛው ጣልቃ እንዲገባ አይፈቀድም። እኛ ብዙዎቻችን በጠብ ጊዜ ዘመድና የሰፈር ልጅ ጠርተን እናበዛለንና፣ ይህ ሥርዓት በመጀመሪያ ሲታይ የሚያስቀና ይመስላል።

ይሁን እንጂ ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ጎደሎ አገኘንበት። እነዚያ ተዋጊዎች ኀይላቸውን የሚቀንሱት ለጠላታቸው አዝነው ሳይሆን የራሳቸውን ዝና ለማብዛት ነው። ጥቂት ጦር ይዞ የሚገባው አዛዥ ከሁሉ ይልቅ ትዕቢተኛው ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሥርዓት ብቻውን በጎነት እንዳይደለ ነው። አንድ ሰው ሕግን ሁሉ ጠብቆ ጨካኝ ሊሆን ይችላል። በእኛ ሀገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ በመካከል የሚቀመጠው ጠቡ በደንቡ እንዲካሄድ ሳይሆን ጠቡ እንዲቀር ነው። የጨዋታው ጎሣዎች ያልደረሱበት ይህ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ነገር ግን በጨዋታው ውስጥ የሌለው ነገር ነው። ማሽኑ ሲመታ እጁ ይቆረጣል፣ እግሩ ይሰበራል፣ በመጨረሻም በእሳት ይፈነዳል። በውስጡ ያለው ሰው ግን አይታይም። ስሙ አይነገርም፤ እናቱ አታለቅስም፤ ከውጊያው በኋላ ማንም ሬሳ አይፈልግም። ብረቱ ሰውዬውን ከጥይት እንደሚሸፍነው ሁሉ ከእኛም ርኅራኄ ይሸፍነዋል። ዳዊት የገጠመው ጎልያድም በጥሩርና በናስ የተሸፈነ ግዙፍ ነበር። ሳኦል ለዳዊትም የጦር ልብሱን አልብሶት ነበር፤ ዳዊት ግን መራመድ ስላቃተው አወለቀውና በወንጭፉ ብቻ ወጣ። ታሪኩን ያስታወስነው ስለ ድሉ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው፣ ተነጋግረው የገጠሙ በመሆናቸው ነው። በብረቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ያን ቀን ማንም አልዘነጋም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት በተደመደመው የሰሜኑ ጦርነት ሰው አልባ አውሮፕላኖች ለውጊያ ውለዋል። እንዲህ ያለውን አውሮፕላን የሚመራ ሰው ዒላማውን የሚያየው በመስኮት ሳይሆን በመስታወት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ልክ እንደ ተጫዋቹ። በሌላ በኩል ከዚያ ጦርነት አካላቸው ጎድሎ የተመለሱ ወጣቶች፣ ልጃቸው ያልተመለሰላቸው እናቶችም በየሰፈሩ አሉ። እንግዲህ አንድ ልጅ ጌም ቤት ገብቶ «ገደልኩት!» ብሎ ሲጮኽ፣ በደጁ የምታልፈው እናት ልጇን በጦርነት ያጣች ልትሆን ትችላለች። ቃሉ ለልጁ ጨዋታ ነው፤ ለእርሷ ግን አይደለም።

«ተጫዋቹ ሥዕል መሆኑን ያውቃል» የሚሉ ወንድሞች መልስ ሊሰጡን ይችላሉ። በእርግጥ ያውቃል። እኛም በጨዋታ የፈነዳ ማሽን የሰው ነፍስ ነው አንልም፤ የጦርነት ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ጨካኝ ይሆናል ማለትም እውነት አይደለም። የምንለው ሌላ ነው። ሰው የሚደጋግመውን ነገር ይለምዳል፤ ከሚለምዳቸውም ነገሮች አንዱ አለማየት ነው። እጅ መተኮስን ከመልመዷ ይልቅ ዓይን በብረቱ ውስጥ ያለውን ሰው አለመፈለግን መልመዷ ያሳስበናል። ሰውን በጎሣው፣ በሚናገረው ቋንቋ ወይም በለበሰው መለዮ ሸፍኖ ማየትም የዚሁ ልማድ ወንድም ነው፤ ለዚህም ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፦ ጨዋታው በራሱ ሕሊናን አይገድልም፤ ሳይጠየቅ የተተወ ጨዋታ ግን ሕሊናን ሊያስተኛ ይችላል። ታናናሾቻችንን ከጌም ቤት በጆሮ ጎትተን ብናወጣቸው ነገ በሌላ በር ይገባሉ። ይልቅስ አጠገባቸው ተቀምጠን እንጠይቃቸው፦ ስትሸነፍ ልብህ ምን ያህል ሞቀ? ካሸነፍኸው ልጅ ጋር አብረህ ወደ ቤት ትሄዳለህን? በዚያ ማሽን ውስጥ የነበረው ማን ይመስልሃል? እነዚህን መመለስ የሚችል ልጅ ቢጫወትም አንሰጋም። መመለስ ያቃተው ግን ቁልፉን ለጊዜው ያስቀምጥ፤ ሙቀቱ ይብረድ።

ታላላቆቹም ብንሆን ጥያቄው ይመለከተናል። የምንቆጣበትን ሰው፣ የምንጠላውንም ወገን ስናስብ የሚታየን ብረቱ ነው ወይስ በውስጡ የተቀመጠው ሰው? በሚመጣው የውይይት ሰዓት እያንዳንዳችን መልሳችንን ይዘን እንምጣ።