የወንዝ ጊዜና የሰው አደራ

የተጎዳ ውኃና የጠፋ የዱር ሕይወት ወደ ቀድሞው ይመለስ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ምን ያህል ውኃ፣ ምን ያህል ዓሣ ይመለስ የሚለው የመጠን ጥያቄ ነው፤ ከጂንካ በስተ ምዕራብ አልፎ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚወርደው የኦሞ ወንዝ ግን ከመጠን የሚቀድም ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም አንድ ፍጥረት ጊዜው ሲወሰድበት ምን እንደ ተወሰደበትና መላሹስ ምን ዕዳ እንዳለበት የመለየት ጥያቄ ነው።

ቱርካና ከሚያገኘው የወንዝ ውኃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ የሚገባ ሲሆን፣ ሐይቁ መውጫ ስለሌለውና ውኃው በትነት ብቻ ስለሚቀንስ ጨዋማ ነው። በክረምት በደጋው የዘነበው ውኃ ወንዙን ሞልቶ ዳርቻውን ሲያጥለቀልቅ ለም ደለል ይተው ነበር፤ ዳሰነች፣ ካራና ሌሎችም ሕዝቦች ውኃው በተመለሰበት እርጥብ መሬት ማሽላ ይዘሩበት የነበረው ሸሽ እርሻ በዚሁ የተመሠረተ ነበር፤ የሐይቁ ዓሣዎችም መራቢያቸው ከሙላቱ ጋር የተሳሰረ ነው። በኦሞ ላይ የተሠራውና ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ሲያስገኝ፣ ተርባይኖቹን ያዞረው ውኃ ወደ ወንዙ ቢመለስም ፍሰቱ ዓመቱን ሙሉ ስለተስተካከለ የቀረው ሙላቱ፣ ማለትም ወቅቱ ነው።

ይህን ወቅት ሰው የፈጠረው እንዳልሆነ ሁለት የማይተዋወቁ ትውፊቶች በየራሳቸው መንገድ ይመሰክራሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀውን ዘመነ ክረምት ከፋፍላ ለዘርና ለደመና፣ ለባሕርና ለአፍላጋት፣ ማለትም ለወንዞች፣ የየራሳቸውን ሳምንታት ትሰጣለች፤ በኦሞ አካባቢ የሚኖሩት ሙርሲዎችም በደቡብ ሰማይ የሚታዩ ከዋክብት በምሽት የሚጠልቁበትን ጊዜ እየተከታተሉ የኦሞን ሙላት ያሰሉ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ሰው የወንዙን ጊዜ ያነብባል እንጂ አይደነግግም። ኦሪት ዘሌዋውያንም ምድር የራሷ የዕረፍት ዓመት እንዳላት ሲደነግግ ሰውን በእግዚአብሔር ርስት ላይ እንግዳ ያደርገዋል።

ይሁን እንጂ ጎርፍን ለራሱ መተው ጽድቅ ነው ማለት አይቻልም፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ሙላት በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ኤሌክትሪክም ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች በጎ ነገር ነው። ኦሪት ዘፍጥረት አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም እንደሆነ ስለሚናገር፣ ግድብ መሥራት ከማበጀት ሊቆጠር ይችላል፤ ጥበቃ የሌለበት ማበጀት ግን የአደራውን ግማሽ መካድ ነው።

የግድቡ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት በየዓመቱ ለ10 ቀናት ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ማሰቡ ይህን ዕዳ እንደ ማመን ሊቆጠር ይችላል። ሆኖም ዕዳው የሚከፈለው ውኃው ስለተለቀቀ ብቻ አይደለም፤ ዘሪው በሚጠብቀው ሳምንት፣ ማሳውን በሚያጠግብ ከፍታና ቀድሞ በታወቀ ቀን ሲደርስ ነው። ስለዚህ የሚለቀቅበትን ቀን የመወሰን ሥልጣን ለኃይል ፍላጎት ብቻ ሊተው አይገባም፤ ወቅቱን ለዘመናት ሲያነብቡ የኖሩ የወንዙ ዳር ሽማግሌዎች በውሳኔው ላይ ድምፅ እስከሌላቸው ድረስ፣ የሚለቀቀው ጎርፍ ስጦታ እንጂ ፍትሕ አይሆንም።