ሥሩን መፈተን አለማመን ነውን?

በየገበያው በትንንሹ ታስሮ የሚሸጥ ቀጭን ደረቅ ሥር አለ፤ «ድንገተኛ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከሚታከምበት ሕመም ነው። ሆድ በድንገት ሲቆርጥ፣ ትኩሳት ሳይታሰብ ሲነሣ ሰው ሥሩን አኝኮ ጭማቂውን ይውጣል። በብዙ ቤት ከጤና አዳምና ከዳማከሴ ጋር የታወቀ ነው።

ስለዚህ ሥር በመካከላችን ሁለት ድምፆች ይሰማሉ። አንዱ፣ «አያቶቻችን የዳኑበትን መድኃኒት መፈተን እነርሱን መናቅ ነው» ይላል። ሌላው፣ «የባህል መድኃኒት ከጠንቋይና ከክታብ አይለይም፤ ለአማኝ አይገባም» ይላል። ሁለቱ የሚቃረኑ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ የሚፈርዱት ሥሩን የሰጠውን እጅ አይተው ነው። ሥሩ ራሱ ሕመም ያስታግሣል ወይ ብለው አይጠይቁም።

ይህን የጠየቁ ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው ድንገተኛ ትኩሳትንና ሕመምን ስለ ማስታገሡ ያደረጉትን የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። በልደታም፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ባቀፈው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የፋርማሲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ባህላዊ ዕፅዋትን ይመረምራሉ።

የተለመደው አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። አይጦች በቡድን ይከፈላሉ፤ ለአንዱ ቡድን የዕፁ ጭማቂ፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ፣ ለሦስተኛው የታወቀ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል። ከዚያ እያንዳንዷ አይጥ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ሳህን ላይ ትቀመጣለች። እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ያለው ሰከንድ ይቆጠራል፤ እንዳትቃጠልም ከተወሰነ ጊዜ በላይ አትቆይም። በሌላው ዘዴ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ ሆዷ ውስጥ ይወጋና በሕመም ስንት ጊዜ እንደተኮማተረች ይቆጠራል።

አይጧ ድግምት አትሰማም። የመድኃኒት አዋቂው ስም አያስፈራትም፤ የአያት ፍቅርም አያጽናናትም። ስለዚህ መድኃኒት ካልተሰጣቸው ይልቅ ሕመሟ ከቀለለ ያቀለለው ዕፁ ነው። ፈተናው ሥሩን ከጠንቋዩ እጅ አውጥቶ እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን ካበቀላቸው ዕፅዋት መካከል ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የፈውስን ተስፋ ያደረሰ ነቢይ ሆኖ ሳለ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዟል። ጳውሎስም የተሰሎንቄ ምእመናን ሁሉን መርምረው በጎውን እንዲይዙ የመከረው ስለ ትንቢት ሲናገር ነበር። ትንቢት ከተመረመረ ሥር የማይመረመርበት ምክንያት የለም።

ደግሞም መፈተን ለታመመው ሰው ያለብን ዕዳ ነው። የሆድ ቍርጠት ብዙ ጊዜ በራሱ መጥቶ በራሱ ይሄዳል። «ሥሩን ካኘክሁ በኋላ ተሻለኝ» ያለ ሰው እውነት ተናግሯል፤ «ያሻለኝ ሥሩ ነው» ሲል ግን ሌላ ምስክርነት ጨመረ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሆዱን የቆረጠው ትርፍ አንጀት ከሆነ፣ በጎረቤት ቃል ሥር እያኘከ የሚያድር ወጣት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሥሩ በእርግጥ የሚያስታግሥ ቢሆን እንኳ አደጋው አለ፤ ሕመሙ ታገሠ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለምና። እኛ የምስክርነት ሕዝብ ነን። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በቅን ልብ የተጋነነውንም ቃል ይመለከታል።

ነገር ግን የዚህን እውነት ዋጋ የምትከፍለው አይጧ ናት። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ምሳሌ 12፥10 ያስተምረናል፤ የላቦራቶሪዋን አይጥ ከዚህ የሚያስወጣ ቃል አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዛውያኑ ራስልና በርች ከተመራማሪዎች ሦስት ነገር ጠይቀዋል፦ በእንስሳ ፋንታ ሌላ መንገድ ካለ በእርሱ መጠቀም፣ የእንስሳቱን ቍጥር መቀነስ፣ ሥቃያቸውን ማቅለል። እኔ አራተኛ እጨምራለሁ፦ ውጤቱን መቀበል። ሥሩ እንደማይሠራ ቢታይ ውጤቱን የምንደብቀው ከሆነ መልሱን አስቀድመን ወስነናል፤ እንስሳዋም በከንቱ ተሠቃይታለች። የሰውን ሕመም ለማቅለል ይህ አጭር ሥቃይ ይፈቀዳል ብዬ አምናለሁ፤ ለስማችን ወይም ለመመረቂያ ጽሑፋችን ማሳመሪያ ግን አይፈቀድም።

ውጤቱ በጎ ሲሆንም ልክ አለው። በአይጥ የታየው በሰው እስኪታይ መጠኑም ጉዳቱም ሌላ ጥናት ይፈልጋል። ፋርማሲ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ያገኛችሁትን አታግንኑ፤ ሥሩ አልሠራም ካለችሁም አይጧ፣ እንዲሁ ጻፉ። ሌሎቻችን ለታመመ ጎረቤት ሥሩን ይዘን ስንሄድ የምናውቀውን ያህል ብቻ እንናገር፤ እንጸልይለት፤ ሕመሙ ከጠናም ሳይመሽ አብረነው ሐኪም ቤት እንሂድ።