ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው አድርሰው

ልጄ፣ ገበያው ዳር በአንድ ጣሪያ አምስት ሱቅ መጀመርህ ደስ ብሎኛል። ትናንት ግን ግንበኛው ማካፈያውን ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲያቆመው አየሁ። «ብሎኬት ለመቆጠብ ነው» አለኝ። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ እኮ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቤት ነው! አንደኛው ሱቅ የተነሳ እሳት ማንም ሳያየው በላይ በላይ ሄዶ አምስተኛው ላይ ይወርዳል። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነማ እየነደደ ሰው ራስ ላይ ይንጠባጠባል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ያንተ ቅጠል ያቺ የቀረችው ሁለት ረድፍ ብሎኬት ናት።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ፣ አዲስ አበባ የእሳት አደጋ ሠራተኛም መኪናም፣ 939 የሚባል ስልክም ነበራት። ያም ሆኖ መንገዱ ጠቦ ሠራተኞቹ ተቸገሩ። እኛ ከተማ ማጀቴ ላይ ሆኖ መኪና ከሌላ ከተማ እስኪደርስ መጠበቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። (አጣዬ ከተማ በ2013 የነደደችበት ምክንያት ሌላ ነው፤ የሰው ክፋትን ግድግዳ አይመልሰውም። እኔ የማወራህ የሽቦና የምድጃውን ነው።)

የሕንፃ አዋጁ ፕላን አስገባ ፈቃድ አውጣ ሲል ሰው ማኅተም መሰብሰብ ይመስለዋል። ወረቀት ላይ የተሳለ ግድግዳ እሳት አያቆምም።

ለምግብ ቤት የምታከራየው ክፍል የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገባዋል። ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ያህል ይጎትታል፤ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ አይሆንም፣ የራሱ መስመር የራሱ ብሬከር ይኑረው። ጓሮ የቆለልከውን የማሽላ አገዳም አርቀው፤ የቆላ ነፋስ ፍንጣሪ ሲያገኝ አይምርም። ማታ ደግሞ ጠባቂውን ልጅ ከውስጥ አስተኝተህ ከውጭ እንዳትቆልፍበት።

ዕድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ አለው፣ ጥሩምባ አለው፤ ሁሉም ለሞተ ሰው ነው። ረጅም መሰላል፣ አሸዋ የሞላ በርሜል፣ ጣሪያ መገንጠያ ሜንጦ ይጨመር ብዬ በሚመጣው ስብሰባ አነሳለሁ፤ ይሳቁብኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የምንለው ባዶ እጁን ለሚሮጥ ጎረቤት አይመስለኝም።

ነገ ግንበኛው ሲመጣ ላክብኝ። ብሎኬቱ ቆርቆሮውን ሳይነካ ከመሰላሉ እንዳይወርድ ከሥር ቆሜ እጠብቀዋለሁ።