ከእግራችን ሥር ያለው አማና

 

ባለፈው ሳምንት እዚህ አቃቂ ከደርስ በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቀረበኝ። «ኡስታዝ፣ የማጠናው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ሒፍዜን አቋርጬ ድንጋይ ስቆጥር ዕድሜዬን እያባከንኩ ይሆን?» አለኝ። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ላካፍላችሁ።

ሱረቱል ሙልክን ከመኝታ በፊት የምንቀራ ብዙ ነን። የምታበቃው በጥያቄ ነው፤ ውሃችን ወደ ምድር ሰርጎ ቢቀር ማን እንደሚያመጣልን ትጠይቀናለች።

ጥያቄው ሩቅ አይደለም። በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ብቻ ነው፤ እሱም በሙቀቱ እየቀለጠ ነው። የባሌ ተራሮቻችንም ከሺዎች ዓመታት በፊት ነበራቸው፤ ዛሬ የለም።

የኛ የውሃ ጎተራ ግን ተራራ ጫፍ ላይ አይደለም፤ ከእግራችን ሥር ነው። የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ጋር ሆነው አዲስ አበባን ያጠጣሉ። ይህ ውሃ ዝናብ ሆኖ ወርዶ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስንጥቅ ቀስ እያለ የሰረገ ነው። ዝናቡ በአንዴ ዶፍ ሆኖ ሲወርድ ግን አብዛኛው በጎርፍ ያልፋል፤ መሬቱ አስፋልትና ሲሚንቶ ሲለብስም መስረጊያ ያጣል። የሚገባውንና የምናወጣውን የሚለካ ከሌለ፣ የምንነቃው ጉድጓዱ ሲነጥፍ ነው።

ለወንድሜ ያልኩት ይህን ነው፦ ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋል። ማንም ካልያዘው ሁሉም ይጠየቅበታል ማለት ነው። የሕዝብ ውሃስ ከዚህ ያንሳል? ሒፍዝህን በትንሽ በትንሹ ቀጥል፣ ኒያህን አስተካክል፤ ትምህርትህ ዒባዳ ይሆንልሃል ኢንሻአላህ።

እኛ ይህን ያልተማርነውስ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር፤ ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። እኛ ቧንቧ ከፍተን ስናወራ ስንት ሙድ ይፈሳል? እዚያው ሰፈር አንዲት እናት የፈረቃ ውሃ እንዳያመልጣት ጀሪካኗን ደርድራ ሌሊቱን ነቅታ ትጠብቃለች። የምናፈሰው የሷን ሐቅ ነው።

ዛሬ ለጁምዓ ውዱእ ስታደርጉ ቧንቧውን ቀነስ አድርጉት። አላህ ውሃችንን በረካ ያድርግልን፣ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።