ካሜራው ባይኖርስ?

 

ባኮ ውስጥ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ ሳዲዮ ማኔን የማያውቅ ወጣት ይኖራል? "እሱኮ የኛ ነው" እንላለን። ሙስሊም ወንድማችን ሲከበር ደስ ይለናል፤ ክፋት የለውም። ግን ዛሬ ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ፦ የምንወደው ምኑን ነው?

ማኔ እ.ኤ.አ. በ1992 ሴኔጋል ውስጥ ባምባሊ በምትባል መንደር ተወለደ። ኢማም የነበሩት አባቱ የሞቱት ገና ልጅ ሳለ ነው፤ በመንደሩ ሆስፒታል አልነበረም። ገንዘብ ሲያገኝ ለዚያችው መንደር ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አሠራ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ሊቨርፑል ሌስተርን 2ለ1 ባሸነፈበት ጨዋታ ጎል ባገባበት ሰሞን፣ በከተማዋ በሚገኝ መስጂድ ባልዲ ይዞ መጸዳጃ ቤት ሲያጸዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ዓለም ተቀባበለው። የመስጂዱ ኢማም በኋላ እንደተናገሩት ግን፣ ማኔ ቪዲዮው እንዳይለቀቅ ጠይቆ ነበር።

እስቲ አስቡት፤ ካሜራው ባይኖርስ? መስጂዱ በጸዳ፣ አላህም ባየ ነበር። የሚቀርብን እኛን ብቻ ነው።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መስጂዳቸውን የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ስትሞት ሰዎች ነገሩን አቅልለው ሳይነግሯቸው ቀበሯት። እርሳቸው ግን ስላጧት ጠየቁ፤ ለምን አልነገራችሁኝም ብለው መቃብሯን እንዲያሳዩዋቸው አደረጉና ሰገዱባት። ማልያ አልነበራትም፤ ተከታይም አልነበራትም። ብዙዎቻችን ስሟን እንኳ አናውቅም። የአላህ መልእክተኛ ግን መቅረቷን አስተዋሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ዝና አለ?

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። የማኔን ቪዲዮ ሼር አድርገናል። የሰፈራችንን መስጂድ የውዱእ ቦታ የሚያጥበው ግን ማን ነው? አንድ ሽማግሌ አባት ከሆኑ፣ ወገባቸውን ይዘው ባልዲ ሲያነሱ የት ነበርን? የቅዳሜው ጨዋታ 12 ሰዓት ላይ ሲጀምር መግሪብ የሚገባው እረፍት ሳይደርስ ነው። ያኔ ከወንበራችን የምንነሳ ስንቶቻችን ነን? ማኔን ወደን እሱ የሚሰግድለትን ጌታ ካስጠበቅን፣ ፍቅራችን ከማልያው አላለፈም።

ኳስ አትዩ አላልንም። እዩ፤ ለመግሪብ ግን ተነሱ። በዚህ ሳምንት ደግሞ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ወደ መስጂድ ሂዱ። ወንድሞች በወንዶቹ በኩል፣ እህቶች በሴቶቹ በኩል ባልዲና መጥረጊያ አንሱ። ስልካችሁን ቤት ተዉት። ለማንም አትንገሩ፤ እዚህ ገጽ ላይም "እኛ አደረግን" ብላችሁ አትጻፉልን።

አላህ ሥራችንን ከሪያእ ያጽዳልን፤ ኢኽላስን ይስጠን። ሰው ሳያውቀን እሱ ከሚያውቃቸው ባሮቹ ያድርገን። አሚን።