ቀንበርን ስለ ማውረድ

አንባቢ ሆይ፤ ሻሸመኔ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ፥ ከሐዋሳ፥ ከባሌና ከወላይታ የሚመጣው መኪና በርስዋ ያልፋልና፥ ነጋዴውም ሾፌሩም ተሸካሚውም ሳይነጋ ተነሥቶ እኩለ ሌሊት ይተኛል። ትጋት መልካም ነው። ነገር ግን ሰውነትህ ሲዝል፥ የወደድኸው ሥራ ሲያስጠላህ፥ የሠራኸውም ሁሉ ከንቱ ሲመስልህ አስተውል፤ ይህ ስንፍና አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. እነዚህን ሦስቱን ምልክቶች መፍትሔ ካላገኘ የሥራ ጭንቀት የሚመጡ ናቸው ብሎ መዝግቦአቸዋል።

ነቢዩ ኤልያስ ዝሎ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ፥ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንቅልፍን፥ እንጀራንና ውኃን ሰጠው እንጂ አልገሠጸውም። ኋላም ብቻውን እንዳይደክም ኤልሳዕን አመለከተው።

ስለዚህ ወዳጄ ሆይ፤ ሳትወድቅ ዕረፍ፥ ሸክምህንም ለታመነ ሰው ንገር። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖ፥ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ያዝዛል። አሠሪ ብትሆን ይህን ለሠራተኛህ አትንፈገው፤ በራስህ ሱቅ የምትሠራ ብትሆንም በራስህ ላይ ጨካኝ ጌታ አትሁን። በሬ እንኳ ሲመሽ ቀንበሩ ይወርድለታል፤ አንተስ ቀንበርህን ተሸክመህ ትተኛለህን?